ወባው ተገኘ፤ ሾኩስ ከምን መጣ?

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ በሰሜን ሸዋ ቆላ፣ በሸዋሮቢትና በቀወት፣ በአጣዬና በኤፍራታና ግድም፣ ድንገተኛ ክፍሎች በትኩሳት ታማሚ ይሞላሉ። ወቅቱ ማሾና ማሽላ የሚደርስበት ነው። ከመንዝና ከግሼ ለቀን ሥራ የሚወርደው ደገኛ ወባን የለመደ ሰውነት የለውም፤ በወረደ በሁለትና በሦስት ሳምንቱ በቃሬዛ ወይም በባጃጅ ተጭኖ ይመጣል። የወባው ነገር ደግሞ ባለፉት ዓመታት ብሷል። በ2024 እ.ኤ.አ. ዐሥር ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መታመሙንና 1,157 ሰው መሞቱን የዓለም ጤና ድርጅት መዝግቧል።

በእንዲህ ያለ ጫና ውስጥ አንድ አደገኛ ልማድ ሥር ይሰድዳል። ታማሚው ትኩሳት አለው፣ የደም ግፊቱ ወርዷል፣ ፈጣን የወባ ምርመራው ሁለት መስመር አሳየ፤ ካርዱ ላይ «ከባድ ወባ» ተጽፎ ፍለጋው እዚያው ያበቃል። ችግሩ ወባ ብቻውን የአዋቂን ሰው ግፊት እስከ ሾክ (የደም ዝውውር እስከሚከሽፍበት) ድረስ የሚያወርደው ከስንት አንዴ መሆኑ ነው። ከባድ ወባ አእምሮን ያስታል፣ ኩላሊትን ያቆማል፣ ደምን ያሟጥጣል፣ ደምን አሲዳማ ያደርጋል፤ ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይዞ ይቆያል። ከወባ ጋር ሾክ ሲታይ ሌላ ነገር፣ በተለይ በደም ውስጥ የገባ ባክቴሪያ፣ አብሮ እንዳለ ቆጥሮ መነሳት ይገባል። ትኩሳቱ ከምን መጣ የሚለውና ሾኩ ከምን መጣ የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። መልሳቸው አንድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ አንድ ነው ብሎ መጀመር ግን ሰው ይገድላል።

ምርመራው ራሱ በሁለቱም አቅጣጫ ያታልላል። ፈጣኑ ምርመራ የሚፈልገው ፕሮቲን ጥገኛው ከሞተ በኋላም ለሳምንታት በደም ውስጥ ስለሚቆይ፣ ባለፈው ወር ወባ ታክሞ የዳነ ሰው ዛሬ በሳንባ ምች ቢመጣም መስመሩ ይወጣል። በሌላ በኩል ይህን ፕሮቲን የማያመርት የፋልሲፓረም (የከባድ ወባ ጥገኛ) ዝርያ በኢትዮጵያ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ምርመራው «የለም» ማለቱ ወባን አይሽርም። ስላይድ ማስነበብ፣ ማለትም ደሙን መስታወት ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማሳየት፣ የግድ ነው። ስላይዱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። የዊዳል ምርመራን (ለታይፎይድ የሚደረገውን የደም ምርመራ) በተመለከተ ደግሞ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ «ታይፎይድ 1 ለ160» የሚል ወረቀት ይዞ በሾክ የመጣ ሰው ላይ ያ ወረቀት ምንም ውሳኔ አይለውጥም።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ከላብራቶሪ በፊት አልጋው ላይ ነው። ሾክ ማለት ደሙ ለአካል ክፍሎች የሚበቃውን ኦክስጅን ማድረስ ሲያቅተው ነው እንጂ ግፊት ወረደ ማለት ብቻ አይደለም። ወጣትና ጠንካራ ገበሬ ግፊቱ 100 ላይ ቆሞ፣ እግሩ ቀዝቅዞ፣ ሽንቱ ደርቆ፣ ቃል እየተሳነው ሊሆን ይችላል። የልብ ምቱን ለላይኛው ግፊት ማካፈል ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ውጤቱ ከ1 ካለፈ ታማሚው ወረፋ የሚጠብቅ አይደለም። ትኩሳት ምትን ያፋጥናል የሚል መከራከሪያ ይነሳል፤ እውነት ነው፣ ግን ልክ አለው። ሙቀት በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ምቱ በ10 ገደማ ይጨምራል። 39 ዲግሪ ላይ ያለ ሰው 100 ወይም 110 ቢመታ ከትኩሳቱ ነው፤ 145 ቢመታ ግን ትኩሳቱ የሚያብራራው ጥቂቱን ብቻ ነው።

ከዚያ የግፊቱን ሁለቱንም ቁጥሮች ማየት ነው። ብዙ ካርድ ላይ የታችኛው ቁጥር ለመሙላት ብቻ ይጻፋል፤ ይሁንና ሾክን ከሾክ የሚለየው ዋናው ፍንጭ እሱ ነው። ሁለት ታማሚዎችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የሁለቱም የላይኛው ግፊት 84 ነው። የአንዱ 84/38፣ የሌላው 84/68። የመጀመሪያው ልዩነቱ 46 ነው፤ እጁ ይሞቃል፣ ምቱ እየዘለለ ጣትን ይመታል፤ የደም ሥሮቹ ልል ሆነዋል፣ ደሙ መያዣው ሰፍቶበታል። የዚህ ሰው ነገር ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያናጋ) ወይም አናፊላክሲስ (ከባድ አለርጂ) ይመስላል። አማካይ ግፊቱ 53 ብቻ ስለሆነ ኩላሊቱ እየተጎዳ ነው። ሁለተኛው ልዩነቱ 16 ነው፤ ከላይኛው ቁጥር ሩብ እንኳ አይሞላም። አማካይ ግፊቱ 73 በመሆኑ በወረቀት ላይ ከመጀመሪያው የተሻለ ይመስላል፤ እጁ ግን በረዶ ነው፣ ምቱም ክር ነው። ልቡ በየምቱ የሚገፋው ደም አንሷል። ወይ ደሙና ፈሳሹ አልቋል፣ ወይ ልቡ ደክሟል፣ ወይ ልቡን አንቆ የያዘው ነገር አለ። ለመጀመሪያው የሚሰጠው መድኃኒት ለሁለተኛው መርዝ ሊሆን ይችላል። የዘገየ ሴፕሲስም እጅን ያቀዘቅዛል፤ ስለዚህ እጅ መቀዝቀዙ ሴፕሲስን አያስወጣም፣ ሌሎቹን ግን ወደ ዝርዝሩ ያስገባል።

እዚህ ላይ የአገሩ ብርድ ጣልቃ ይገባል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መሐል ሜዳም ብርዷ ከዚያ አያንስም። በኅዳር ሌሊት ለሁለት ሰዓት ያህል በቃሬዛ የተጓዘ ጤነኛ ሰው እንኳ ጣቱ በረዶ ነው። የጥፍር ደም መመለሻን (ተጭኖ ሲለቀቅ ደሙ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ) ጣት ላይ ለክቶ «5 ሴኮንድ» መጻፍ በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ብርዱ እንጂ ስለ ልቡ አይናገርም። ደረት አጥንት ላይ 5 ሴኮንድ ተጭኖ መልቀቅና ከ3 ሴኮንድ በላይ መቆየቱን ማየት፣ ጉልበቱ ዙሪያ ያለው ቆዳ መዥጎርጎሩን መመልከት፣ የእጁን ቅዝቃዜ ጣት ላይ ሳይሆን ክንድ ላይ መፈለግ ይሻላል። የኦክስጅን መለኪያውም በቀዘቀዘ ጣት ላይ ይዋሻል፤ ጆሮ ላይ ይደረግ ወይም ጣቱ ይሙቅ።

አንገት ብዙ ጊዜ የማይታየው ለምንድን ነው? ታማሚው ተጠቅልሎ ስለሚመጣ ነው። የመንዝ ባና ሙቀቱ ጥሩ ነው፣ ለሐኪም ግን መጋረጃ ነው። ገልጦ ማየት ያስፈልጋል፤ ከራስ እስከ እግር። አልጋውን ከወገቡ በላይ 45 ዲግሪ አድርጎ የአንገት ደም ሥር አብጦ ከታየ «ፈሳሽ ጨምር» የሚለው ትእዛዝ ይቁም፤ የልቡ ነገር ወይም የልቡ ዙሪያ ነገር ነው። ሥሩ ጠፍጣፋ ከሆነ ደግሞ ደም ወይም ፈሳሽ ማጣት፣ ወይም ሴፕሲስ ነው። ልብስ ሲገለጥ ሌላም ይታያል፦ ብብትና እምብርት ዙሪያ ነጠብጣብ የደም ምልክት፣ በልብስ ስፌት ላይ ቅማልና ቅጫም፣ ክንድ ላይ የማያም ጥቁር ቅርፊት ዙሪያው አብጦ፣ በጭን መካከል የሚሸት ፈሳሽ፣ የተነፋ ሆድ።

ጥቁሩን ቅርፊት ማለፍ አይገባም። የሞተ ከብት ሥጋ ተከፋፍሎ የተበላበት ወይም ቆዳው የተገፈፈበት ቤት ካለ አባ ሰንጋ ይታሰብ። ብዙ ቦታ ለትኩሳት ሁሉ የሚሰጠው አንቲባዮቲክ፣ ሴፍትሪያክዞን፣ ለአባ ሰንጋ አይሆንም፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን ነው የሚፈለገው። ሴፍትሪያክዞን በቅማል የሚተላለፈውን ተስቦም አይነካም። «ሴፍትሪያክዞን ጀምረናል» የሚል ማስታወሻ ሐሳብ ማቆሚያ መሆን የማይችለው ለዚህ ነው።

ቅማል ከታየ ሁለት በሽታ ይታሰባል፦ ተስቦ እና የሚያገረሽ ትኩሳት። ብዙ ሰው ተጠጋግቶ የሚያድርበት፣ ልብስ የማይታጠብበትና የማይቀየርበት ቦታ፣ የቀን ሠራተኛ ማደሪያም ይሁን ማረሚያ ቤት ወይም መጠለያ፣ ለሁለቱም ይመቻል። የሚያገረሽ ትኩሳት በድንገት ይጀምራል፤ ብርክ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የግራ ጎን ሕመም፣ ቢጫነት፣ የአፍንጫ ደም። ወባ ይመስላል፣ ወባ ተብሎም ይታከማል። የሚለየው ያ ስላይድ ነው። ለወባ በተዘጋጀው በዚያው ወፍራም የደም ቅብ ላይ ጠመዝማዛ ባክቴሪያዎቹ ይታያሉ። ፈጣን ምርመራ የስላይድን ቦታ በወሰደበት ተቋም ግን ማንም ስለማያይ ማንም አያገኛቸውም። ላብራቶሪ ባለሙያውን «ወባ ብቻ ሳይሆን ስፓይሮኬትም ፈልግልኝ» ብሎ በወረቀቱ ላይ መጻፍ አንድ መስመር ነው።

ይህ በሽታ ከሌሎቹ ሁሉ የሚለይበት ጠባይ አለው፤ ታማሚው ሲታከም ይብስበታል። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ባክቴሪያው በጅምላ ሲሞት የሚለቀቀው ነገር ያሪሽ ሄርክስሃይመር የሚባለውን ምላሽ ያስነሳል። መጀመሪያ ሰውነት የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ይመጣል፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ ግፊቱም ለአፍታ ከፍ ይላል። ቀጥሎ ቆዳው ይቀላል፣ ላብ ያጥባል፣ ግፊቱ ይወድቃል። የሞት አደጋው ያለው በዚህ ሁለተኛ ምዕራፍ ነው፤ ልብም አብሮ ሊዳከም ይችላል። በኮርቲዞን አስቀድሞ መከላከል አልተቻለም። መደረግ ያለበት ቀላል ነው፦ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ካኑላ (የደም ሥር ቱቦ) ይገባ፣ ፈሳሽ ይዘጋጅ፣ ለመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓታት በየ15 ደቂቃው ግፊት ይለካ፤ ታማሚው ለ24 ሰዓት ከአልጋው አይነሳ። ተሽሎት ወደ ሽንት ቤት ሲሄድ ወድቆ የሚሞት ሰው ያለው በዚህ በሽታ ነው። የመድኃኒቱ መጠን ትንሽ ነው፦ ፕሮኬይን ፔኒሲሊን ከ400,000 እስከ 600,000 ዩኒት በጡንቻ አንድ ጊዜ፣ ወይም ዶክሲሳይክሊን ከ100 እስከ 200 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተረኛ አንድ ብቻ በሆነበት ተቋም ሰጥቶ ከመተኛት፣ ግፊቱ ደህና የሆነ ታማሚ ላይ ሰው እስኪመጣ ጥቂት ሰዓት መጠበቅ ይመረጣል። ቀድሞ ሾክ ውስጥ ላለ ሰው ግን መጠበቅ የለም።

ከመርፌ በኋላ የሚወድቅ ግፊት ሁሉ ግን ይህ አይደለም። ሰዓቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። መርፌው ከተሰጠ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ፊት ካበጠ፣ ቆዳ ላይ እንደ ሳማ ያለ ሽፍታ ከወጣ፣ ትንፋሽ ካፏጨ ወይም ካስመለሰ አናፊላክሲስ ነው፤ አድሬናሊን 0.5 ሚሊ ግራም በጭን ጡንቻ ወዲያው፣ ካልተሻለ ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገም። ሂድሮኮርቲዞንና ፕሮሜታዚን አድሬናሊንን አይተኩም፤ ብዙ ቦታ ግን መጀመሪያ የሚመዘዙት እነሱ ናቸው። በሰዓታት ውስጥ፣ ብርክና የሙቀት መጨመር ቀድሞ ከመጣ የባክቴሪያው መሞት ነው። ያለ ብርክ፣ ቀስ እያለ፣ ግማሽ ቀን ፈጅቶ ከመጣ ደግሞ መድኃኒቱ ያልነካው በሽታ እየገፋ ነው፤ ምንጩ ያልተከፈተ መግል፣ የተበሳ አንጀት ወይም ማሕፀን ውስጥ የቀረ ነገር ይሆናል። ደም እየተሰጠው የሚንቀጠቀጥ ታማሚ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚደረገው ደሙን ማቆምና የከረጢቱን ስም ከታማሚው ስም ጋር ማመሳከር ነው።

ሆድን በተመለከተ አንድ ልማድ ብዙ ያበላሻል። ትኩሳት ያለው ሰው በየመንገዱ ካለ ክሊኒክ የሕመም ማስታገሻውን ዲክሎፌናክ ተወግቶ ይመጣል። ለጥቂት ሰዓታት ሆዱ ለስላሳ ይመስላል፣ ታማሚውም «ተሽሎኛል» ይላል። በታይፎይድ በሦስተኛው ሳምንት የተበሳ አንጀት፣ የፈነዳ ትርፍ አንጀት ወይም ተጠማዝዞ የበሰበሰ ወፍራም አንጀት (ይህኛው በደገኛ ወንድ ገበሬ ላይ እንግዳ አይደለም) በዚህ ይሸፈናል። ስለዚህ የመጣውን ሰው «ምን ተወጋህ?» ሳይሉ ሆድ መርምሮ «ለስላሳ ነው» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ሁሉ የእርግዝና ምርመራ ይደረግላት፤ ከማሕፀን ውጭ ያለ እርግዝና ሲፈነዳ ወባው በአጋጣሚ አብሮ ሊኖር ይችላል። ተሸማቅቃ የማትናገረው የተቋረጠ እርግዝናም አለ፤ ጥያቄው ባልና አማት በሌሉበት ለብቻዋ ቢቀርብ ይመረጣል። በወባ ያበጠ ጣፊያም በትንሽ ምት ሊቀደድ ይችላል፤ ሄማቶክሪቱ (በደም ውስጥ ያለው የቀይ ሕዋሳት መጠን) በመጀመሪያው ሰዓት ላይወርድ ስለሚችል ቁጥሩ አያረጋጋ።

ልብን አንቆ የሚይዘው በዙሪያው የተጠራቀመ ፈሳሽ ነው፤ በዚህ አገር አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቲቢ ነው። ለሳምንታት የቆየ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ ማታ ማታ ላብ፣ ያበጠ የአንገት ሥር፣ የጠበበ የግፊት ልዩነት፣ ራቅ ያለ የልብ ድምፅ፤ ትንፋሽ ሲያስገባ የላይኛው ግፊት ከ10 በላይ የሚወርድ። እግሩ ስላበጠ «የልብ ድካም ነው» ተብሎ ሽንት የሚያስወጣው ፉሮሰማይድ ከተሰጠው ግፊቱ ይወድቃል፤ ልቡ በደም እየሞላ ያለው በዚያው ከፍ ባለ የደም መላሽ ሥር ግፊት ነበርና። መፍትሔው በልብ ዙሪያ ያለውን ፈሳሽ በመርፌ መቅዳት ነው፤ እስከዚያው በደም ሥር ፈሳሽ በልክ ይሰጣል። በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ያለው አልትራሳውንድ ለነፍሰ ጡር ተብሎ የመጣ ቢሆንም ይበቃል። ያንኑ የሆድ መመርመሪያ ከደረት አጥንት ጫፍ በታች አስቀምጦ ወደ ግራ ትከሻ ማዘንበል፤ በልብ ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ካለ ታወቀ። በዚያው ቦታ ልቡ በደንብ መጨማደዱን፣ ትልቁ የደም መላሽ ሥር መጥበቡን ወይም ተወጥሮ መቅረቱን፣ ከዚያ በጉበትና በኩላሊት መካከል ፈሳሽ መኖሩን ማየት ይቻላል። ሦስት ቦታ፣ አምስት ደቂቃ። ከዚህ የበለጠ ሾክን የሚለይ ምርመራ በወረዳ ደረጃ የለም ማለት ይቻላል።

በልጅነቱ ሩማቲክ የልብ በሽታ እንዳለበት የተነገረው ወጣት በትኩሳትና በሾክ ከመጣ የልቡ በር ላይ ባክቴሪያ መስፈሩን መጠርጠር ነው። በእሱ ላይ ሁለት ሊትር ፈሳሽ ሳንባን መሙላት ነው።

እንቅርት ያለባት፣ ምቷ 150 የሆነ፣ የምትቃዥና ተቅማጥ የያዛት ሴት የእንቅርት ማዕበል (የእንቅርት ሆርሞን ከልክ ሲያልፍ የሚመጣ አደጋ) ሊሆንባት ይችላል። ለአስምም ይሁን ለመወፈር ብሎ ለወራት ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ሲወስድ ቆይቶ ያቆመ ሰው ደግሞ ትንሽ ትኩሳት ሲነካው ግፊቱ በፈሳሽም ሆነ በአድሬናሊን አልመለስ ይላል፤ ስኳሩም ይወርዳል። ሂድሮኮርቲዞን 100 ሚሊ ግራም በደም ሥር ከሰጡት በሰዓታት ውስጥ ሌላ ሰው ይሆናል። ስኳር ደግሞ ለማንኛውም በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ይለካ። ወባውም፣ ጾሙም፣ ሕመሙ ከጀመረ ወዲህ አለመብላቱም ስኳርን ያወርዳሉ። ከ70 በታች ከሆነና አእምሮው ከደነዘዘ 40 በመቶ ግሉኮስ 50 ሚሊ ሊትር በደህና ሥር ቀስ ብሎ ይሰጥ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ልኬቱ ይደገም። አስታማሚው «ምች መቶት ነው፣ ዳማከሴ አጠጥተነዋል» ካለ መቆጣት አያስፈልግም፤ መቼ እንደጀመረው፣ መቼ እንደበላና ሌላ ምን እንደወሰደ ለማወቅ ጥሩ መግቢያ ነው።

ከአፋር ቆላ ለሥራ ከርሞ የተመለሰ ሰው ላይ በትንኝ የሚተላለፈው ዴንጊም ይጨመር። በ2015 ዓ.ም. በሎጊያና በሚሌ ወረርሽኙ ታይቷል። የዴንጊ ሾክ የሚመጣው ትኩሳቱ ሲለቅ ነው፤ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ «ተሻለው» በተባለበት ሰዓት ሆዱን ያመዋል፣ ደጋግሞ ያስመልሳል፣ የግፊቱ ልዩነት ወደ 20 ይጠብባል፣ ሄማቶክሪቱ በመውረድ ፈንታ ይወጣል። ዲክሎፌናክና አስፕሪን እዚህ ደም ያፈስሳሉ። ከድድና ከመርፌ ቀዳዳ የሚደማ ታማሚ ሲመጣ ደግሞ ጓንት፣ ለብቻ ክፍል፣ ከዚያ የጉዞና የለቅሶ ቤት ጥያቄ፤ በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ ደም የሚያፈስሰው የማርበርግ ቫይረስ ከተረጋገጠ ወዲህ ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም።

ወደ ፈሳሹ እንምጣ፤ ብዙ ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ነው። «ሾክ ከሆነ ጉሉኮስ (የደም ሥር ፈሳሽ) ክፈት» የሚለው አስተሳሰብ ከሀብታም አገር መመሪያ የተወረሰ ነው። ያ መመሪያ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ይላል፤ 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1.5 ሊትር ማለት ነው። ከጀርባው ግን የመተንፈሻ ማሽንና ጽኑ ሕሙማን ክፍል አለ። በአፍሪካ የተደረጉት ጥናቶች ሌላ ነገር አሳይተዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመው የኬንያ፣ የታንዛኒያና የኡጋንዳ ጥናት ከ3,000 በላይ ትኩሳት ያለባቸው ልጆችን መርምሮ፣ ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው መካከል በ48 ሰዓት 10.5 በመቶ ገደማ ሲሞቱ ካልተሰጣቸው 7.3 በመቶ ሞተዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው የሉሳካ ጥናት ደግሞ አዋቂዎችን፣ አብዛኞቹ ኤች አይ ቪ ያለባቸውን፣ ተመልክቶ ብዙ ፈሳሽና፣ ሲያስፈልግ፣ ግፊት የሚያነሳው ዶፓሚን በተሰጣቸው ቡድን 48.1 በመቶ፣ በተለመደው ሕክምና 33.0 በመቶ ሞት አግኝቷል። ልዩነቱ በ6 ሰዓት 3.5 ሊትር ከ2 ሊትር ጋር ነበር። ይህ ማለት ፈሳሽ አይሰጥ ማለት አይደለም። በተቅማጥና በትውከት የደረቀ ሰው ፈሳሽ ነው ሕይወቱ፤ ለሱ ማመንታት ይገድለዋል። ለሌላው ግን 500 ሚሊ ሊትር በ30 ደቂቃ፣ ከዚያ ቆም ብሎ ማየት፦ ምቱ ቀነሰ? የግፊቱ ልዩነት ሰፋ? ትንፋሹ ከ30 በላይ ወጣ? በሳንባው የታችኛ ክፍል የመንጠቅጠቅ ድምፅ መጣ? ከተሻለ ይደገም፣ ካልተሻለ ይቁም። ከባድ ወባ የተረጋገጠበት አዋቂ ላይ ከዚህም በላይ መቆጠብ ነው፤ ሳንባው በቀላሉ ይሞላል። ለመወሰን የሚረዳ ነጻ ምርመራ አለ፦ እግሮቹን 45 ዲግሪ ከፍ አድርጎ በ1 ደቂቃ ውስጥ የግፊት ልዩነቱ መስፋቱን ማየት። ካልሰፋ ተጨማሪ ከረጢት አያድነውም።

ፈሳሹ ካልበቃ አድሬናሊን ነው። ኖርአድሬናሊን የተሻለ ነው፤ ግን በሌለበት ስለሌለው መነጋገር ጊዜ ማጥፋት ነው። 2 ሚሊ ግራም በ500 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ውስጥ ቢበጠበጥ በሚሊ ሊትር 4 ማይክሮግራም ይሆናል። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በደቂቃ በኪሎ 0.05 ማይክሮግራም ማለት በደቂቃ 2.5 ማይክሮግራም ነው፤ 60 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር በሚሆንበት የሕፃናት ማንጠብጠቢያ መስመር 37 ጠብታ በደቂቃ። በተለመደው ባለ 20 ጠብታ መስመር 12 ወይም 13። ሁለቱን መስመሮች ማምታታት መጠኑን ሦስት እጥፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ የጠብታውን ዓይነት ከረጢቱ ላይ ይጻፉ። ካኑላው ከክርን በላይ ወይም ክርን ላይ፣ ሰፊ ሥር ላይ ይሁን፤ ቆዳው ከነጣ ወይም ካበጠ ወዲያው ይቀየር። የሚፈለገው አማካይ ግፊት 65፣ ሽንት በሰዓት በኪሎ ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው፤ ለ50 ኪሎ 25 ሚሊ ሊትር።

መድኃኒቱ ደግሞ ምርመራን አይጠብቅም። ሴፍትሪያክዞን 2 ግራም በመጀመሪያው ሰዓት፤ ሪንገር ላክቴት ከሚባለው የደም ሥር ፈሳሽ ጋር በአንድ መስመር አይቀላቀል። ቅማል ወይም ተስቦ ከተጠረጠረ ዶክሲሳይክሊን፣ ሆድ ከሆነ ሜትሮኒዳዞል ይጨመር። ወባ ካለ ወይም ሊኖር ይችላል ከተባለ አርቴሱኔት በኪሎ 2.4 ሚሊ ግራም፤ ለ50 ኪሎ ሰው 120 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ሁለት ባለ 60 ብልቃጥ። እያንዳንዱ በ1 ሚሊ ሊትር ባይካርቦኔት ሟሙቶ 5 ሚሊ ሊትር ሳላይን ሲጨመርበት በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ስለዚህ 12 ሚሊ ሊትር። በ12 እና በ24 ሰዓት ይደገማል። ሁለቱን አብሮ መስጠት ምርመራ አለመቻል አይደለም፤ የሁለቱ በሽታ አብሮ መኖር የታወቀ ስለሆነ ነው።

ከሸዋሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር የሚባለው ታማሚ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከ1,300 ሜትር የማይሞላ ከፍታ ተነስቶ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ታች ላይ በኦክስጅን ዳር ዳር ይል የነበረ ሰው እዚያ ላይ ይወድቃል። 10 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር 150 ባር ላይ 1,500 ሊትር ኦክስጅን አለው፤ በደቂቃ 10 ሊትር ከሄደ 150 ደቂቃ ያቆያል፤ መኪናው መንገድ ላይ ቢቆም አይበቃም። ሌላው ችግር የተከፈተው ከረጢት ነው። አምቡላንሱ ውስጥ ማንም ሳይቆጥር አንድ ሊትር ይገባና ታማሚው ሳንባው ሞልቶ ይደርሳል፤ ወይም አድሬናሊን ያለበት ከረጢት ከሌላው ጋር ተመሳስሎ ይፈጥናል። አድሬናሊን ያለበት ላይ በፕላስተር ስሙ፣ መጠኑና ጠብታው ተጽፎ ይለጠፍ፤ ፍጥነቱን የሚቀይረውም አብሮ የሚሄደው ነርስ ብቻ ይሁን።

ሪፈር ወረቀቱ ላይ «ከባድ ወባ ከሾክ ጋር» ከማለት ይልቅ ተቀባዩን የሚረዱት እነዚህ ናቸው፦ ሁለቱም የግፊት ቁጥሮች ከነሰዓታቸው፣ እጁ ሞቃት ወይም ቀዝቃዛ መሆኑ፣ የአንገት ሥሩ፣ እስካሁን የገባው ፈሳሽ በሚሊ ሊትር፣ የወጣው ሽንት፣ የትኛው መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደተሰጠ፣ ስላይዱ መነበብ አለመነበቡ። የተነበበው ስላይድም በወረቀት ተጠቅልሎ አብሮ ቢሄድ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ያለው ባለሙያ በድጋሚ ሊያየው ይችላል።